ያለ ባንዲራ ለቀበርኩህ

ጌታነህ፣

ይኸው ስምህን ጻፍኩት። በሕይወት ሳለህ አንድ ቀን እንኳ አፌን ሞልቼ ጠርቼው አላውቅም። ሚስት የባሏን ስም አትጠራም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። "አንተዬ" ስልህ ኖርኩ፤ አንተም "አንቺዬ" ስትለኝ ኖርክ። ደብዳቤ ግን ያለ ስም አይላክም። የሚሄድበትን አገር ስለማላውቀው፣ ቢያንስ የባለቤቱ ስም ይኑርበት ብዬ ነው።

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ አልነካውም፤ የታችኛው ማሳ አንተ ከነበርክበት ጊዜም ይልቅ ሰጥቷል። ዳማው ፈረስህ አርጅቶ ሞተ። ጅብ እንዳያገኘው ጉድጓድ አስቆፍሬ ስቀብረው ሰዎቹ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ለብዙ ዘመን ተዘግቶ የከረመው የወል የሣር መሬታችን ጓሳ ለአጨዳ ስለተከፈተ ቤታችን አዲስ ክዳን አገኘ። አጭደው፣ በአህያ ጭነው፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው የከደኑልኝ የእድራችን ሰዎች ናቸው። ልጅህ አልነበረም። የሱን ነገር ቦታው ሲደርስ እነግርሃለሁ፤ አሁን ከጀመርኩት ሌላውን መጻፍ ያቅተኛል።

ፊደል የቆጠርኩት ላንተ ብዬ መሆኑን ታውቃለህ። ሞላሌ ገበያ ጨው ልትገዛ ወርደህ፣ ከገበያው መሀል ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ሲወስዱህ፣ ልጃችን ዳኜ ገና ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሮ ነበር። የገዛኸውን ጨው ጎረቤት አደረሰልኝ። እኔ ደግሞ በወሩ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ሌሎቹ ሴቶች የሚመጡት የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ፈርተው ነበር፤ እኔ ግን የምጽፍለት ሰው ነበረኝ። ክረምቱን "ሀ" ስል ከርሜ፣ በበጋው "ለውድ ባለቤቴ" ብዬ መጻፍ ቻልኩ።

ከከረን የመጣው የመጀመሪያ ደብዳቤህ አጭር ነበር። ደህና መሆንክን፣ ሙቀቱ እንዳስቸገረህ፣ ሞርታር የሚባል መሣሪያ እንዳስተማሩህ ይላል። ሞርታር ምን እንደሆነ ስለማላውቅ አስተማሪያችንን ጠየቅሁት። "ወደ ሰማይ የሚተኮስ ነው" አለኝ። ወደ ሰማይ ከሆነማ ማንንም አይጎዳም ብዬ ደስ አለኝ። ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ኃይሌ ሳይቀር "ባሌ ወደ ሰማይ ነው የሚተኩሰው" ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ጭራቸውን አወዛውዘው ዝንብ አባረሩ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ፣ ከሰሜን የሚመለሰው ወታደር በየመንገዱ ሲለምን እኔም ቆሎ በቁና ይዤ ሞላሌ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ቆሎውን እየዘገንኩ እጠይቃለሁ። "ረጅም ነው፣ ሞርታር ተኳሽ ነው፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ የለም።" አንዱ፣ በዚያ በኩል የነበሩት ወደ ሱዳን ሸሽተዋል አለኝ። ሌላው፣ በረሃው በልቷቸዋል አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚያልፍም ጠፋ። ዘመዶችህ ተሰበሰቡና ሰው እንዲሁ ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ፍትሐት ይደረግለት አሉ። ጥቁር ለበስኩ፤ ተዝካርህን አወጣሁ። በጉ ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ካህናቱ በልተው መርቀው ሄዱ። ያን ሰሞን አንተ በሕይወት ነበርክ፤ በሰው አገር፣ ለሰው አገር፣ ሞርታር ቅምቡላ ታጎርስ ነበር።

የመጣህ ቀን ኩበት እየጠፈጠፍኩ ነበር። እጄ በእበት እንደተለወሰ ከአጥሩ ውጭ ሰው ቆመ። ለማኝ ሆኖ የቀረ ወታደር በዚያ ዘመን ብዙ ስለነበር ቀና ብዬም አላየሁህ። ድምፅህም ሻክሮ የሌላ ሰው ሆኗል።

"እህቴ፣ የጌታነህ ቤት የትኛው ነው?" አልከኝ።

"ይኸው ነው። እሱ ግን ሞቷል።"

"ሚስቱስ?"

"አለች።"

"አገባች?"

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። ከስተህ፣ ጠቁረህ፣ ጢምህ ሸብቶ ነበር፤ ጆሮህን ባላይ ኖሮ አላውቅህም። የገዛ ቤትህን እንደ እንግዳ ለምን እንደጠየቅክ ኋላ ስጠይቅህ፣ "አግብተሽ ከሆነ ዞሬ ልሄድ ነበር" አልከኝ። ወዴት እንደምትሄድ ግን አልነገርከኝም። የምትሄድበት እንዳልነበረህ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያየኸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አላወራኸኝም። ገብስ ስናበራይ፣ አጥር ስታጥር፣ እኔ የበግ ጠጉር ስፈትል አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረስክ ነው። ድንበር ስትሻገሩ ሱዳኖች መሣሪያችሁን አስፈትተው ድንኳን ሰፈር አስገቧችሁ። ከበረሃው የተረፉት ጓደኞችህ በተቅማጥ አለቁ። አንድ ቀን መኮንን መጣና በአስተርጓሚ "ከባድ መሣሪያ የሚያውቅ አለ?" አለ። የሚያውቅ ካለ ይበላል፣ ይለብሳል። እጅህን አወጣህ።

"እጅህን ያወጣው ረሃብህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም" ብዬህ ነበር።

"እጁ የኔ ነው" አልከኝ።

ኢብራሂም ብለው ጠሩህ። ልብሳቸውን አለበሱህ፤ በወንዝ ጀልባ ጭነው ወደ ደቡባቸው አወረዱህ። እዚያ የማታውቀው ሰው የማታውቀውን ሰው አቅጣጫ እየጠቆመህ ተኮስክ። በምን እንደተጣሉ እንኳ በቅጡ የነገረህ የለም። ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ እንዲያ ኖርክ። ከዚያ የነበርክበት ካምፕ ተሰበረ፤ የደቡብ ሸማቂዎች ማረኩህ።

ሊገድሏችሁ አሰለፏችሁ። ከፊትህ የቆመው እንደ አገሩ ወግ ግንባሩን የተተለተለ፣ ከአንተም የረዘመ ሰው ነበር። መሣሪያውን ደረትህ ላይ ደግኖ ፊትህን አየና በጥርት ያለ አማርኛ፣ "አንተ አበሻ፣ ደግሞ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለህ። በደርግ ጊዜ ጋምቤላ በስደት ያደገ ነው። ካወራኸኝ ሁሉ እንባህ የመጣው ይኼን ስትነግረኝ ነው። ሲያሰልፉህ አላለቀስክም፣ ሲደግኑብህ አላለቀስክም፤ አማርኛ ስትሰማ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብለህ ተንሰቀሰቅክ። ሰውዬው አፍሮ ዞር አለ። አንተን ከሰልፉ አወጣህ። ሌሎቹን አላወጣቸውም።

በማግስቱ ከሞርታሩ ጋር አቆሙህ።

"ያው ራሱ ነበር" አልከኝ። "አንድ እግሩን እኔ በሽቦ የጠገንኩት። የዞረው አፉ ብቻ ነው።"

ከትናንት ወዲያ አብረሃቸው ከአንድ ትሪ የበላኻቸው ሰዎች ወደ ነበሩበት ነው የተኮስከው። አንዱ ሻይ አፍልቶ ይሰጥህ የነበረ ሰው ነው፤ ስሙን ነግረኸኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የዘነጋሁት። ያ አማርኛ የሚያውቀው ሰው ሲሞት የሚያስቀርህ አልነበረምና በኬንያ በኩል ወጣህ፤ በሞያሌ ዞረህ፣ ከመንገደኛ መኪና ላይ እየተንጠለጠልክ፣ እየለመንክ እቤትህ ደጃፍ ደረስክ። ስለ ኬንያው የስደተኛ ሰፈር ስጠይቅህ "ሞቃት ነው" ብቻ አልከኝ።

አገር የሚያወራው ደግሞ ሌላ ነበር። አብሮህ ሱዳን የነበረ አንድ የራቤል ሰው ተመልሶ፣ ጌታነህ ሃይማኖቱን ቀይሯል፣ ኢብራሂም ተብሏል ብሎ ገበያ ላይ አወራ። በሚካኤል ማኅበር ጽዋው በየተራ ሲዞር አንተ ጋ ደርሶ አለፈህ። ከፈተልኩት የበግ ጠጉር የተሠራውን ባናህን ተከናንበህ ተነሥተህ ወጣህ፤ እኔም ተከተልኩህ።

መምሬ ኃይሌ አስጠሩህ። ኑዛዜ ሚስጥር ነው፤ ያላችሁትን የማውቀው አንተው ስለነገርከኝ ነው።

"ሃይማኖትህን ለውጠሃል?" አሉህ።

"ስሜን ለወጡት። እኔ የለወጥኩት ጸሎት የለም አባቴ። የምጸልየውም አልነበረኝም።"

"ስንት ነፍስ አጥፍተሃል?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቅም?"

"ሞርታር ነው አባቴ። ከኮረብታ ማዶ ነው የሚወድቀው። አላየኋቸውም።"

መምሬ ቀኖና ሰጡህ፤ ጾምክ፣ ሰገድክ፣ ጉልበትህ እስኪላጥ። ስትጨርስ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉህ፤ ማኅበርተኞቹም ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጡህ። እኔ እልል አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ "ፈቱኝ፤ ከምን እንደፈቱኝ ግን እሳቸውም እኔም አናውቅም" አልከኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጦር ሜዳ አላወራኸኝም። ማረስ፣ በግ መሸለት፣ ከዳኜ ጋር ሳር መጫን፣ እነዚያ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ጥሩ እንደነበሩ ይጻፍልን።

ከኤርትራ ጋር የድንበሩ ጦርነት የተነሣ ጊዜ ዳኜ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ስሙ በስብሰባ ላይ ሲጠራ ደስ ብሎት እየሮጠ መጥቶ ነገረን። አንተ ማረሻህን ስታበጅ ነበር፤ ቀና አላልክም። እኔ አለቀስኩ። ምልምሎቹ ሞላሌ የሚሰበሰቡ ቀን "ልሸኘው" ብለህ አብረኸው ወረድክ። ብርድ ስለነበር ባናህን ደርበህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከዳገቱ በታች ባናህ ብቅ አለች። አንተ ነህ ብዬ ምሳህን ላቀርብ ገባሁ። ስወጣ በራፉ ላይ የቆመው ዳኜ ነው፤ ባናህን ለብሶ፣ ዓይኑ አብጦ።

ከሱ አፍ ነው የሰማሁት። የሚመለምለው መኮንን ስሙን ሲጠራ አንተ ከሰዉ መሀል ወጥተህ "ልጁን ተዉት፤ እኔ ልሂድ" አልክ። መኮንኑ ሳቀ፤ "አባባ፣ ቤትህ ግባ" አለህ። "ሞርታር ተኳሽ አላችሁ?" ስትለው ሳቁን አቆመ። "የደርግ ወታደር" እያለ ስብሰባ ላይ እንዳትናገር ሲከለክልህ የኖረው የቀበሌው ሊቀመንበር ያኔ ከወንበሩ ተነሥቶ "ይህ ሰውዬ በደንብ ያውቃል፤ እኔ ምስክር ነኝ" አለ። እናም ተስማማችሁ። ባናህን አውልቀህ ልጅህን አለበስከው፤ "ወደ ኋላ ሳትዞር ውጣ" አልከው። ዳኜ ግን ዞሮ አየ። አንተ መኪናው ላይ ወጥተህ ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር አለኝ።

እኔን ሳትሰናበት ነው የሄድከው። አውቀህ ያደረግኸው ይመስለኛል። ብሰማ ኖሮ ከሁለታችሁ የማንኛችሁን እጅ እይዝ እንደነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ያኛው አራተኛ ጦርህ ነው። የጻፍክልኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። "የተራሮቹን ስም ሁሉ አውቃለሁ፤ ከወዲያ ምሽግ ያሉት ደግሞ እኔን የሚያውቁኝ ይሆናሉ" ይላል። ጦርነቱ ቆሞ ሲመልሱህ አንድ ጆሮህ አይሰማም፣ ደረትህ ያፏጫል፣ እጅህ ውሃ ሳያፈስ ጣሳ አይይዝም ነበር። ሰዎች በጥይት ያልሞተ ምንም አልሆነም ብለው ያስባሉ። እኔ ግን የጎደለብህን ሁሉ አየሁት፤ እያንዳንዱን።

ዳኜ እንደ እናት አስታመመህ። ፀሐይ ሲወጣ አዝሎ ያወጣሃል፣ ሲጠልቅ አዝሎ ያስገባሃል። እግርህን ያጥባል። በገበያም በመንገድም "አባቴ ጀግና ነው" ይላል። ልጅህ የሚናገርለት አባት ፈለገ፤ አንተ ደግሞ ምንም አልነገርከውም። "አባዬ፣ እስቲ ስለ ዘመቻህ አጫውተኝ" ሲልህ፣ "ገብሱን አርመህ ጨረስክ?" ትለዋለህ። ለኔ ያወራኸውንም ለማንም አታውሪ ብለኸኝ ነበርና አፌን ዘጋሁ።

አንድ ቀን መድኃኒት ሊያመጣልህ ሞላሌ ሲወርድ ሁለታችን ከግድግዳው ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ ሳትጠየቅ፣ "ስሞት ባንዲራ የሚባል አጠገቤ እንዳይደርስ" አልከኝ።

"ምነው? ያገርህ ባንዲራ አይደለም እንዴ?"

"እኔ አራቱንም አውቃቸዋለሁ። ከአራቱ አንዱም እኔን አያውቀኝም" አልከኝ። ቀጥለህም አሳለህ፤ ነገሩ በዚያ ቀረ።

በጥር ሞትክ። ረፋዱ ላይ ነበር፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። "ቀና አድርጊኝ" አልከኝ። ቀና አደረግሁህ። ከዚያ በኋላ ክንዴ ላይ የቀረው ክብደትህ ብቻ ነው።

የቀብርህን ነገር ልንገርህ፤ ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ተገንዘህ፣ ቃሬዛ ላይ ሆነህ፣ ልናነሣህ ስንል ሊቀመንበሩ ከታጣቂዎቹ ጋር ደረሰ። አዲስ ባንዲራ ይዞ ነበር፤ እጥፋቱ እንኳ አልተዘረጋም። ለዳኜ ሰጠው። ዳኜ እያለቀሰ ዘረጋና ከራስህ እስከ እግርህ አለበሰህ። ሰዉ ሁሉ ደስ አለው፤ አንድ ሽማግሌ ፎከሩ። እኔ ሴቶቹ ይዘውኝ ነበር። እጃቸውን አስለቀቅኩና መጥቼ አነሣሁት። መሬት አላስነካሁትም። አጥፌ በሁለት እጄ ለሊቀመንበሩ መለስኩለት።

"እናታችን፣ ይሄኮ ክብር ነው" አለኝ።

"ክብር መሆኑን አውቃለሁ። እሱ ግን አልፈለገም።"

ታጣቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመሀላቸው አንዱ "የድሮው ሥርዓት ናፋቂ" ሲል ሰማሁ። እነሱን አልፈራኋቸውም፤ የፈራሁት የዳኜን ፊት ነው።

"መቼ ነው ያለው? ለማን?" አለኝ።

"ለኔ። አንተ ሞላሌ የወረድክ ዕለት።"

"ውሸትሽን ነው! በኔ ፈንታ ነው የሄደው። ምን እንደሚገባው የማውቀው እኔ ነኝ!"

በሰው ፊት ውሸታም አለኝ፤ ልጄ። ምን ብዬ ልመልስ? አራቱን ጦር በቃሬዛህ ዙሪያ ቆሜ ላውራ? መምሬ ኃይሌ መሀላችን ገቡና መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "ወልደ ጊዮርጊስ ክርስቲያን ነው፤ እንደ ክርስቲያን ይቀበራል፤ አንሡት!" አሉ። በክርስትና ስምህ ጠሩህ። ኢብራሂም ያሉህ፣ ቁጥር የሰጡህ፣ "አባባ" ብለው የሳቁብህ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት ዝም አሉ። ዳኜ ቃሬዛህን ከፊት ተሸከመ፤ እስከ ሚካኤል ድረስ ለማንም አልለቅም አለ። አፈር ሲመለስብህ ግን ዞሮ ቆመ።

አርባህን እስክናወጣ ድረስ በአንድ ቤት እየኖርን አላናገረኝም። በማግስቱ ልብሱን ጠቅልሎ ከፊቴ ቆመ። ወታደር ልሆን ነው አለኝ።

"አባትህኮ አንተ እንዳትሄድ ብሎ ነው የሄደው" አልኩት።

"የሄደው በኔ ቦታ ነው። ቦታው ባዶ ሆኗል እማዬ። ልሞላው ነው።"

እግሩን ይዤ ለመንኩት፤ እጄን ቀስ ብሎ አላቆ ሄደ። ይኸው ነው የሱ ነገር፤ ቦታው ሲደርስ እነግርሃለሁ ያልኩህ። በአራተኛው ጦር የገዛኸው ልጅህ በገዛ እግሩ ሄደ። ከማንም በፊት ላንተ መንገር ነበረብኝ፤ ግን መቃብርህ ላይ ቆሜ አፌ እምቢ አለኝ።

ባለፈው መስከረም ለስንብት መጣ። ሰማያዊ ቆብ አድርጓል። ሰላም ለማስከበር ወደ አንድ ሩቅ የአፍሪካ አገር ሊልኩት ነው። ከአጠገቤ ተቀምጦ ቆቡን እያሽከረከረ ቆየና፣ "አባዬ እንዲያ ሰው አገር ሲሄድ ፈርቶ ነበር?" አለኝ። አታውሪ ያልከኝን አወራሁት፣ ጌታነህ። ረሃቡን፣ ጀልባውን፣ የሻዩን ሰውዬ፣ አፉ የዞረውን ሞርታር፣ መምሬ የጠየቁህን፣ አንተ የመለስከውን፣ አንድ ሳላስቀር። ሚስጥርህን ይዘህ ብትቀር ላንተ ይቀልህ ነበር፤ እሱ ግን ሳያውቅ መሄድ የለበትም።

ስጨርስ ተነሥቶ ወጣና የፈረሰውን የበረት አጥር ማጠር ጀመረ። እስኪመሽ አጠረ። ጠዋት ጉልበቴን ስሞ፣ "እማዬ፣ ውሸትሽን ነው ያልኩሽን ይቅር በይኝ" አለኝ። ይቅር አልኩት። ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌም ነበር።

"እኛ ሰማያዊ ቆብ ነን፤ አንተኩስም" አለኝና ወደ መንገዱ ወረደ። አንተኩስም ያለውን ማን እንደነገረው አላውቅም። ሞርታር ወደ ሰማይ ነው የሚተኮሰው ያለኝ አስተማሪም እንዲሁ አምኖ ይሆናል።

ሁለተኛውን ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አወጣሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ ድግስ አልደገስኩም፤ ሁለት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወደ ሚካኤል ይዤ ወጣሁ። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር አሉ፤ አንተም ታውቃቸዋለህ፣ የሟቹን ስም ሳይጠይቁ ከማንም እጅ አይቀበሉም። የመጀመሪያውን ሰጠኋቸው።

"ነፍስ ይማር፤ ማን ልበል?"

"ወልደ ጊዮርጊስ ይበሉ።"

ስምህን ጠርተው ለነዳያኑ ሁሉ ቆረሱት። ሁለተኛውን ሰጠኋቸው።

"ይኼኛውስ የማን ነው?"

"ስማቸውን አላውቅም አባቴ። ባሌ በየጦር ሜዳው የገደላቸው ሰዎች ናቸው።"

ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ብዙ ናቸው?"

"አላውቅም።"

"ክርስቲያን ናቸው?"

"እሱንም አላውቅም።"

ያልተቀበሉኝ መሰለኝ። ኋላ ግን የራሳቸውን ጥምጥም አወለቁ፤ ሲያወልቁ አይቻቸው አላውቅም። "የሁሉንም ነፍስ ይማር" አሉና ዳቦውን ቆረሱ። የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለኔ ሰጡኝ። በላሁት።

አንተን አልረሳህም፤ ይህን ማለት እንኳ ያሳፍረኛል። ነገር ግን አንተ እስክትሞት ያልረሳሃቸውን እነዚያንም አልረሳቸውም፤ ፊታቸውን አላየህም፣ እኔም አላየሁም፣ ግን የወለዳቸው ነበረ፣ እንደኔ በየመንገዱ ዳር ቆሎ ይዛ የጠየቀች ነበረች። እጄ ሊጥ ማሸት እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ በጥር ሁለት ዳቦ እጋግራለሁ፤ አንዱን ላንተ፣ ሁለተኛውን ለነሱ።

ሦስተኛ እንዳልጋግር፣ ካለህበት ሆነህ ለምንልኝ።

አስካለ